ሚስቴን ፀሐይ ላይ ያሰጣሁበት ሦስት ወር

አሰብ ውስጥ ፀሐይን የሚወድ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ጥላ ለጥላ ነበር የምንሄደው፤ ሰላምታ እንኳ የምንለዋወጠው ግድግዳ ተጠግተን ነው። በዚያ ከተማ ሚስቱን ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፏ አስነስቶ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ያደረግሁት ስለምወዳት ነው። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ እንዲያውም ነገሩን የሚያከብደው እሱ ነው።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ነበርኩ። ሥራዬ ግፊትና ሙቀት የሚያሳዩ መሣሪያዎች በትክክል መቁጠራቸውን ማረጋገጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲያነብ የሚውል ሰው ማታ ቤቱ ሲገባም ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ሚስቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ዝምተኛ ናት፤ አንድ ነገር ከተናገረች ግን አስባበት ነው።

መጀመሪያ ፊቷ ቀላ። ቅላቱ ከአንዱ ጉንጭ ተነሥቶ አፍንጫዋን ተሻግሮ ወደ ሌላው ጉንጭ ይደርሳል። ቀጥሎ ክንዶቿ ላይ ወጣ። ያኔ ሐምሌ ነበርና ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት። ጎረቤታችን፣ ደሴ ተወልደው አሰብ ያረጁ ሴትዮ፣ ፊቷን አገላብጠው አዩና ምች ነው አሉ። ከደጋ በሾፌሮች ያስመጡትን የደረቀ ዳማከሴ ይዘው መጥተው፣ ይህችን ልጅ ፀሐይ አታሳዩብኝ ብለው አስጠነቀቁ።

«እትዬ፣ አሰብ ተቀምጣ ፀሐይ ሳታይ እንዴት ይሆናል? ጉድጓድ ልቆፍርላት?» አልኳቸው።

እሳቸው ዳማከሴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። እኔ ግን ነገሩን ማጣሪያው ድረስ ወስጄ ለባልደረቦቼ እያወራሁ ሳቅንበት።

ሳይሻላት ሲቀር ክሊኒክ ወሰድኳት። ያያት ወጣት ሐኪም ቅን ሰው ነበር። ችፌ ይመስላል፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ዓይነት በሽታም ሊሆን ይችላልና አዲስ አበባ የቆዳ ስፔሻሊስት ትያት ብሎ የአንዲት ሐኪም ስም ያለበት ወረቀት ጻፈልን። ወረቀቱን የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ማጣሪያው ላይ ትልቅ ጥገና ስለነበረ ፈቃድ አይሰጥም። እውነቱን ካወራን ግን ብቻዋን ልልካት እችል ነበር። አውሮፕላኑ በየሳምንቱ ይመላለሳል፤ እህቷም አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። አላደረግሁትም።

በዚህ መሐል ነው ሾፌሩ የመጣው። የአገሬ ልጅ ነው፤ ተሳቢ እየነዳ ከአዲስ አበባ አሰብ ይመላለሳል፤ ሲወርድ እኛ ቤት ምሳ ሳይበላ አይሄድም። ይህ ሰው ለዓመታት ክርኑና ጉልበቱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ነበረበት። ሲቀመጥ ይራገፋል። ስለዚህ ያን ሁሉ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለብሶ ነበር የሚችለው። ያን ቀን እጅጌውን ጠቅልሎ ገባ። ክርኑ እንደ ሕፃን ክርን ጠርቷል። ጉርሻዬን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ምን አደረግህ አልነው። አዲስ አበባ አንዲት የቆዳ ሐኪም አየችኝ አለ። ስሟን ሲጠራ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም ሆነ! ሰው ሁሉ ችፌ ሲለው የኖረውን ነገር እሷ እንዲህ ብላ አስረዳችው፦ ሰውነታችን ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቀን ዘበኛ አለ፤ ያንተ ዘበኛ አብዶ ሌባውን ትቶ የቤቱን ጌታ ይደበድባል። ከዚያ የት እንደሚሠራ ጠየቀችው። አሰብ ሲላት ሳቀች፣ መድኃኒትህማ ሥራ ቦታህ ነው ያለው አለችው። የጠዋት ፀሐይ በትንሽ በትንሹ፣ የባሕር ውኃ፣ ከዚያ ላይ አንድ ቅባት። ሦስት ወር አልፈጀበትም።

ጭኔን መታሁ። ችፌው ያው ችፌ፣ ሐኪሟም ያችው ሐኪም፣ ባሕሩም ደጃችን ላይ ነው። ይህንኑ ቃል ለመስማት የማን ደጅ ልጥና?

ሚስቴ ሾፌሩ እስኪወጣ ጠብቃ፣ «ሐኪሟ እሱን አየችው እንጂ እኔን አላየችኝም እኮ» አለች።

አንድ ዓይነት መኪና አንድ ዓይነት ብልሽት ካጋጠመው ጥገናው አንድ ነው ብዬ መለስኩላት። በመልሴ ኮርቼ ነበር። እሷም ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ደብተር ገዛሁ። በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ አስተያየት። በቀን አሥር ደቂቃ እንጀምራለን፣ በየሳምንቱ አምስት እንጨምራለን። ከሥራ ሰዓቴ ጋር እያስማማሁ አንዳንድ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሌላ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንወጣለን። ከወደቡ ወዲያ፣ የተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ያለበት ቦታ አገኘሁና እዚያ አስቀምጣታለሁ። እጅጌ የሌለው ቀሚስ አስለበስኳት፤ ደቂቃውን እንድትቆጥር የእጅ ሰዓቷን አታወልቅም። እኔ ባርኔጣዬን ደፍቼ ጀልባው ጥላ ሥር እቀመጥና እጽፋለሁ። ከራሔይታ መንደር ዓሣ ይዘው የሚመጡ አፋሮች ጭንቅላታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው ሲያልፉ ያዩናል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ቆመው እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ስለ ሕክምና ምን ያውቃሉ አልኩ በልቤ።

አሥር ደቂቃው አርባ ሆነ። ፀጉሯ በማበጠሪያ እየወጣ መጣ፤ የባሕሩ ጨው ነው አልኩ። ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ብለው መርፌ መያዝ አቃታት፤ ስፌት በዝቶባት ነው አልኩ። አፏ ውስጥ ቆሰለ፤ በርበሬ ነው። እግሯ አበጠ፤ አሰብ እግሩ የማያብጥ ማን አለ? ደብተሩ ግን ያምር ነበር። አንድም ቀን አልዘለልኩም፤ ሾፌሩ ሲመጣ አሳየዋለሁ፣ እሱም እንዳንተ ያለ ባል የት ይገኛል ይለኛል።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ አንድ ጠዋት ለፀሐይዋ ልቀሰቅሳት ስጠጋ ፊቷ የእሷ አልመስለኝ አለ። ዓይኖቿ አብጠው ተደፍነዋል። ልትነሣ ስትል ጫማዋ አልገባ አለ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን በእጇ ይዛ አየችኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ጥገናውንም ፈቃዱንም ረስቼ ባገኘሁት የመጀመሪያ አውሮፕላን ይዣት አዲስ አበባ ገባሁ።

ሐኪሟ አጭር፣ መነጽራቸው ወፍራም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። እኔ ገና ከበር ጀምሬ ማስረዳት ስጀምር በእጃቸው እንድቀመጥ አመለከቱኝና ሚስቴን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጧት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልጠየቋትም፤ ብቻ አዩዋት። የፀጉሯን ሥር፣ ላንቃዋን፣ የጥፍሮቿን ዙሪያ። ቅልጥሟን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ሲለቁት ጉድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። አገጯን ቀና አድርገው ሥሩን አዩ። በመጨረሻ ክንዷን አንስተው የእጅ ሰዓቷን ፈቱት።

ክንዷ በሙሉ ቀልቶና ተቆጥቶ ሳለ፣ ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ላይ ያለው ቆዳ ንጹሕ ነበር። ሳገባት የማውቀው ቆዳ ነው። የአገጯም ሥር እንዲሁ፣ ጥላ ያረፈበት ሁሉ ንጹሕ። ያን ሁሉ ወር አጠገቧ ተቀምጬ ይህን አላየሁም።

ሽንቷን አስመጥተው እዚያው ክፍሉ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ በቀጭን ብልቃጥ አድርገው በትንሽ እሳት አሞቁት። ጥርት ያለው ነገር እንደ እንቁላል ነጭ እየረጋ መጣ። ምን ማለት ነው አልኩ። ኩላሊቷ መያዝ ያለበትን ነገር እየለቀቀ ነው አሉኝ። የመጣሁት ስለ ቆዳ ልጠይቅ ነበር፤ እሳቸው ስለ ኩላሊት ነገሩኝ።

እዚህ ላይ ደብተሬን አወጣሁ። ሰው በደነገጠ ጊዜ የሚመካበትን ነገር ነው የሚያወጣው፤ እኔም የተጠነቀቅሁ መሆኔን እንዲያውቁልኝ ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ገጽ በገጽ አገላበጡት።

«ፀሐይ ማን ነው ያዘዘላት?» አሉ።

«እርስዎ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የሾፌሩን ታሪክ አወራሁላቸው፤ ዘበኛውን፣ ችፌውን፣ ባሕሩን። ስለ ሌላ ታካሚ ከእርስዎ ጋር አላወራም አሉ በመጀመሪያ። ቀጥለው ግን፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ ነገሩን አስረዱኝ። ችፌ ሰው ለብዙ በሽታ የሚሰጠው አንድ ስም ነው። የዘበኛውም ነገር እውነት ነው፣ ለብዙ ሰው የምናገረው ነው፤ ዘበኛ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱን ዘበኛ ፀሐይ ታስተኛዋለች። የባለቤትዎን ግን ፀሐይ ናት የምትቀሰቅሰው፤ ሲነቃ ደግሞ ቆዳ ላይ አይቆምም፣ መገጣጠሚያ ይገባል፣ ኩላሊት ይገባል። ሉፐስ ይባላል አሉ። ቃሉን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ደብተሩን አዙረው ወደ እኔ አስጠጉና አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ አስተያየት በሚለው ዓምድ ሥር፣ «አቃጠለኝ አለች፤ የመዳን ምልክት ነው» ይላል። ገጹን ገለጡ፤ እዚያም አለ። አሁንም ገለጡ፤ «ዛሬ ይቅርብኝ አለች፤ ለሃያ አምስት ደቂቃ አሳመንኳት» ይላል።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ።»

«የተቃጠለውስ ማን ነው?»

ሚስቴን ላያት አልቻልኩም። ሦስት ወር ሙሉ ነግራኛለች፤ የነገረችኝንም ቃል በቃል፣ ቀን ከነሰዓቱ መዝግቤዋለሁ። የሌላ ሰው ጽሕፈት ቢሆን ኖሮ ያን ሰው እዚያው አንቀው ነበር። ሐኪሟ ደብተሩን ዘግተው፣ እስኪ ውጭ ይጠብቁን አሉኝ። ሚስቴን ብቻዋን ሊጠይቋት ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ንዴት ነበር፤ ባሏን ከክፍል የሚያስወጣ ምን ዓይነት ሕክምና ነው ብዬ። ከዚያ ንዴቱ አለቀና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ሆስፒታል ተኛች። እንድትድን ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ስጠይቅ ሐኪሟ አልሸነገሉኝም። ይህ በሽታ ዕድሜ ልክ አብሯት ነው የሚኖረው አሉ፤ ዘበኛውን አንገድለውም፣ እሱ ከሌለ ሌላ በሽታ ይበላታል፤ የምንችለው ማስተኛት ነው። አሁን የምንዋጋው ለኩላሊቷ ነው፤ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም፣ ከዘገየን ግን በሽታው እሷንም ይወስዳታል። እኔ እኮ የፊት ቅላት ይዤ ነበር የመጣሁት።

አሠራራቸውን በየቀኑ እያየሁ ነው ያወቅኩት። ብዙ አይናገሩም፣ ብዙ ይጠይቃሉ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ክኒን በብዛት ጀመሩላት፤ ስትጀምሪ በአንዴ፣ ስትተዪ ግን ቀስ በቀስ ነው፣ ተሻለኝ ብለሽ በአንድ ቀን ብታቆሚው ይጥልሻል ብለው ለእሷ ነገሯት፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። የተነገራትን ራሷ መልሳ እንድትነግራቸው ያደርጋሉ። በየጠዋቱ ትመዘናለች፤ ሽንቷ ይሞቃል። ከዚያ በፊት የበላችውን፣ የተቀባችውን፣ የጠጣችውን ሁሉ አንድ በአንድ አስዘረዘሯት። የጎረቤታችንን ዳማከሴ ስትነግራቸው እኔ ሊያፍሩብን ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ምን ብለው ነበር ሴትየዋ?»

«ፀሐይ አታሳዩዋት።»

«የበሽታውን ስም አያውቁትም፤ መንገዱን ግን አይተውታል» አሉና ካርዱ ላይ ጻፉት። የደሴዋ ሴትዮ ቃል የስፔሻሊስት ካርድ ላይ ሲሰፍር ቆሜ አየሁ።

ሁለተኛው መድኃኒት ደግሞ ይበልጥ አስደነገጠኝ። ማዘዣውን ሳነበው ክሎሮኪን ይላል። የወባ ክኒን! አሰብ ውስጥ ክሎሮኪን የሌለበት ቤት አልነበረም፤ የእኛም መሳቢያ ውስጥ፣ ያ ወረቀት ተጣጥፎ ከተቀመጠበት አጠገብ፣ አንድ ብልቃጥ ሙሉ ነበረ። ተሳስተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አልተሳሳትኩም፣ ይህንንም ዘበኛ ያረጋጋዋል፣ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል ግን በየጊዜው የዓይን ሐኪም ያያታል፣ እርስዎም በራስዎ መጠን እንዳይጨምሩላት አሉኝ። የመጨረሻዋን ቃል ረገጥ አድርገው ነው ያሏት። ይገባኛል።

ሁለት ሳምንት ሽንቷ በሞቀ ቁጥር ነጣ። እኔ ብልቃጡን እያየሁ ቆሜ እጸልያለሁ፤ ጸሎት የማያውቅ ሰው እንደሚጸልየው፣ ቃሉ ሁሉ ተሳክሮብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጉም ብቻ ሆነ። አንድ ጠዋት ደግሞ ሐኪሟ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ሲያነሡት ወዲያ ማዶ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ሳይቀር በውስጡ ታየ። ተቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። ድኗል አላሉም፣ ለአሁኑ ተኝቷል ነው ያሉት። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ከሆስፒታል ከወጣች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለክትትል ሄድን። ሚስቴ እህቷ ቤት ነበረች። መድኃኒቱ ፊቷን ክብ አድርጎታል፤ ቅላቱ ግን ከስሟል፤ ጣቶቿም መርፌ መያዝ ጀምረዋል። ሐኪሟ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሊጽፉ ካርዱን ሳቡና ከአሁን በኋላ መኖሪያ የት ነው፣ ክትትሉን እንደዚያው ላስተካክል አሉ።

እኔ ነገሩን ጨርሼው ነበር። ከእህቷ ጋር ተነጋግሬ አንድ ክፍል አስለቅቄያለሁ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋንም ሾፌሩ በሚቀጥለው ጉዞው እንዲጭንልን ለምኜዋለሁ። እኔ አሰብ እየሠራሁ በየወሩ እመጣለሁ። ስለዚህ ሳላመነታ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ አሰብ ሁለተኛ አትመለስም፣ ያችን ፀሐይ በዓይኗ አላሳያትም አልኩ። እንዲያውም ይህን ስናገር ራሴን የተለወጠ ሰው አድርጌ ነበር ያየሁት።

ሐኪሟ አልጻፉም። ብዕራቸውን ካርዱ ላይ አጋደሙና ወደ ሚስቴ ዞሩ።

«አንቺስ?»

ሚስቴ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው፣ አሰብ ብትኖር ሊሆን ይችል እንደሆነ ነው። እጅጌ ያለው ልብስ፣ ትልቅ ጥላ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ እስከ ማታ ከቤት አለመውጣት፣ በየሁለት ወሩ እዚህ መጥቶ መታየት፤ ይህን ከጠበቅሽ ይቻላል፣ ከባድ ነው ግን ይቻላል አሏት። አንድ በአንድ መልሳ ነገረቻቸው። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እጇን አንስታ አስቆመችኝ። በተጋባን በዘጠኝ ዓመት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ቤቴ እዚያ ነው፤ እመለሳለሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ፀሐይዋንስ ጥላ ይመልሳታል። አንተን ምን ይመልስሃል?»

ሐኪሟ ብዕራቸውን አንስተው ካርዱ ላይ አሰብ ብለው ጻፉ።